ያውቁ ኖሯል? በአንቲባዮቲክ የሚጠፋ ካንሰር አለ

● ሊምፎማ ከነጭ የደም ሴሎች የሚነሳ ካንሰር ነው። ብዙ ጊዜ በአንገት፣ በብብትና በብሽሽት እብጠት ይታወቃል። አልፎ አልፎ ግን የሽንት ፊኛ ላይ ብቻ ይወጣል። ከ100 የፊኛ ዕጢዎች 1 እንኳ አይሞላም፤ ይበልጥ የሚያጠቃውም በዕድሜ የገፉ ሴቶችን ነው።

● ማልት የሚባለው የሊምፎማ ዓይነት አዝጋሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የፒተር አይዛክሰን የምርምር ቡድን የጨጓራ ማልት ሊምፎማ ለያዛቸው 6 ሕመምተኞች አንቲባዮቲክ ተሰጥቶ በ5ቱ ዕጢው መጥፋቱን አሳወቀ።

● ምክንያቱ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ፣ ብዙዎቻችን «የጨጓራ ባክቴሪያ» የምንለው ነው። እሱን ለመዋጋት የተሰበሰቡት ሴሎች ለዓመታት ሲባዙ ወደ ካንሰር ሊለወጡ ይችላሉ። ባክቴሪያው ሲጠፋ ቀስቃሽ ያጣው ዕጢ ይከስማል። ባክቴሪያው በሽታ እንደሚያመጣ ለማሳየት ሐኪሙ ባሪ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 ራሱ ጠጥቶታል፤ በ2005 ከሮቢን ዋረን ጋር ኖቤል ተሸለመ።

● የፊኛ ማልት ሊምፎማ ካለባቸው መካከል አንዳንዶቹ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሲመላለስባቸው የቆዩ ናቸው። በአንቲባዮቲክ ብቻ ዕጢው የጠፋላቸውም አሉ። ቁጥራቸው ግን ጥቂት ስለሆነ ክትትሉ አይቋረጥም፤ መድኃኒቱ ካልሠራ የጨረር ሕክምና አለ።

● ፊኛን ለሌላ ዓይነት ካንሰር የሚያጋልጥ ጥገኛ ትልም አለ፤ የሽንት ቢልሃርዝያ። በአገራችን በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ ይገኛል። በሐይቅና በከሚሴ ከተሞች የሚታወቀው ግን አንጀትን የሚያጠቃው ነው። የሁለቱም መድኃኒት ፕራዚኳንቴል ነው።

● ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚያ የተነሳው ምርምር እንዶድን በዓለም አሳወቀ።

● ደም የቀላቀለ ሽንት ባያምም እንኳ ችላ አይባልም። በደሴ ቧንቧ ውሃም ይኑሩ በኮምቦልቻ፣ ከመድኃኒት ቤት በግምት አንቲባዮቲክ ገዝተው አይዋጡ፤ ምልክቱን ሊሸፍን፣ ባክቴሪያውንም መድኃኒት ሊያስለምድ ይችላል። ካንሰሩን የሚለየው ከፊኛ የሚወሰድ ናሙና ብቻ ነው። ኢንፌክሽኑ ታክሞም ደሙ ከቀጠለ፣ ፊኛው በካሜራ እንዲታይ ሐኪምዎን ይጠይቁ።