የእጅ ስፌት ትራስና መጋረጃ፦ ለቤት ጌጥ ብቻ ነው ወይስ ለኪስም ይሆናል?

በአሽቀሎን የማኅበረሰባችን ቤቶች ሳሎን ውስጥ ሶፋው ከሱቅ የተገዛ፣ ቴሌቪዥኑ ከሱቅ የተገዛ ቢሆንም፣ ሶፋው ላይ የተደረደሩት ትራሶች ግን ብዙ ጊዜ የእናት ወይም የአያት እጅ ያረፈባቸው ናቸው። እኛ የማኅበረሰብ ነርሶች የደም ግፊት ለመለካት ወይም ቁስል ለማጠብ ቤት ለቤት ስንዞር ይህንን ሳናይ የምንውልበት ቀን የለም። «ማን ጠለፈው?» ብለን ስንጠይቅ እናቶቻችን መጀመሪያ ያፍራሉ፣ ቀጥሎ ሣጥኑን ከፍተው የቀረውን ሁሉ ያወጡታል። ከዚያ ደግሞ የማይቀረው ጥያቄ ይመጣል፦ «ይህ ነገር ገንዘብ ያመጣ ይሆን?» ይህ ጽሑፍ በዚያ ጥያቄ ላይ ነው። መጀመሪያ ግን ስለ ሥራው ራሱ።

በጎንደር ሀገር ጥጡን በእንዝርት የምትፈትለው ሴት፣ ሸማውን የሚሠራው ወንድ እንደነበር ወላጆቻችን ያውቁታል። ሽመና ከአንጥረኛነት ጋር የቤተ እስራኤል ወንዶች መተዳደሪያ ነበር፤ ሸክላው የሴቶች ነበር። በጥልፍ የተሠራ የትራስ ሽፋን ለገበያ መውጣቱ ግን ከስደቱና ከጥበቃው ዘመን ጋር የተያያዘ ነው። በአዲስ አበባና በጎንደር ወደ እስራኤል ለመግባት ሲጠብቁ የነበሩ ወገኖቻችን፣ የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያ አይሁዶች ጉባኤ ባቋቋመው የእጅ ሥራ ፕሮግራም የትራስ ልብስ፣ የሃላ መሸፈኛና የታሊት ከረጢት እየጠለፉ ሥራቸው አሜሪካ ድረስ ይሸጥ ነበር። በሜይ 1991 በዘመቻ ሰለሞን ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ሲገባ ሻንጣ የያዘ እምብዛም አልነበረም፤ ይህ የእጅ ሙያ ግን ሻንጣ አያስፈልገውም።

አሽቀሎንም ለጨርቅ ሥራ እንግዳ ከተማ አይደለችም። ዛሬ ሹክ የምንገዛበት የሚግዳል ሰፈር ከ1948 በፊት መጅደል የሚባል የዐረብ ከተማ ሲሆን፣ በሽመናው የታወቀ ነበር። በ1909 ወደ 500 የሚጠጉ የሽመና ዕቃዎች ይሠሩበት እንደነበር ተመዝግቧል። ሸማኔዎቹ ወንዶች ነበሩ፤ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ጥጥ ላይ በደማቅ ሐር ጥለት የሚያወጡበት ጨርቅ በከተማው ስም «መጅደላዊ» ተብሎ ይጠራ ነበር። በጦርነቱና እስከ 1950 ድረስ ነዋሪዎቹ ከከተማው ወጥተው አብዛኞቹ ጋዛ ገቡ፤ ሽመናውም አብሯቸው ሄደ። ጠርዙ ላይ ጥለት ያለው የጥጥ ጨርቅ፣ ወንድ የሚሸምነው፦ ለጎንደር ልጅ ይህ የሩቅ ወሬ አይመስልም።

አሁን ወደ መጋረጃው እንግባ። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው መርፌው ላይ ሳይሆን ሜትሩ ላይ ነው። ጨርቅ ከመግዛት በፊት መለካት ያለበት የመስኮቱ መስታወት ሳይሆን መጋረጃው የሚንጠለጠልበት ዘንግ ነው። መጋረጃ ሽብሽብ ኖሮት እንዲያምር ወርዱ የዘንጉን አንድ ተኩል እጥፍ፣ ስስ ጨርቅ ከሆነ ሁለት እጥፍ መሆን አለበት። ለምሳሌ ዘንጉ 2 ሜትር፣ ከዘንጉ እስከ ታች ያለው ቁመት 2 ሜትር ከ40 ቢሆን፣ ሁለት እጥፍ ሲሰላ 4 ሜትር ወርድ ያስፈልጋል። ጨርቁ ወርዱ 1 ሜትር ከ50 ከሆነ ሦስት ቁራጭ መግጠም ግድ ነው፤ ለላይና ለታች እጥፋት 20 ሴንቲ ሜትር ሲጨመር እያንዳንዱ ቁራጭ 2 ሜትር ከ60፣ በጠቅላላው 7 ሜትር ከ80 ይሆናል። ለመጋረጃ ተብሎ የሚሸጠው ወርዱ 2 ሜትር ከ80 የሆነ ጨርቅ ከተገኘ ግን፣ ወርዱ ቁመት እንዲሆን ወደ ጎን አዙሮ 4 ሜትር ከ20 መግዛት ይበቃል፤ መጋጠሚያ ስፌትም የለውም። ሻጩ የሜትሩን ዋጋ ብቻ ይናገራል፤ ጥቅሉን ማስላት የእኛ ፈንታ ነው። ሰፊው ጨርቅ በሜትር ውድ ሆኖ በድምሩ የሚረክስበት ጊዜ ብዙ ነው።

ጨርቅ መግጠም ነውር እንዳይመስለን። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 26 የድንኳኑ መጋረጃዎች አሥር ሲሆኑ፣ እያንዳንዳቸው 28 ክንድ ቁመትና 4 ክንድ ወርድ ነበራቸው፤ አምስት አምስቱ ተጋጥመው ነው ሰፊ የሆኑት። የሀገራችን ጋቢም ቢሆን ከሸማኔው ዕቃ ወርድ በላይ ስለማይወጣ ተጋጥሞ ይሰፋል። ዋናው ነገር ጥለቱ ከጥለት ጋር እንዲገናኝ መርፌ ከመንካት በፊት ማስተካከል ነው።

ጥጥ ጨርቅ ታጥቦ ይሰበሰባል። ስለዚህ ከመቆረጡ በፊት ወደፊት በሚታጠብበት ሙቀት አንዴ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ተኩሶ መሥራት ይገባል። ይህን ሥራ ዘልሎ ከፋሲካ ጽዳት በኋላ መጋረጃው አንድ ስንዝር ከወለሉ ከፍ ያለበት ቤት አይተናል። የባሕር ዳር ፀሐይም ቀለም ያበላል፤ ደማቅ ቀይና ሰማያዊ ጨርቅ ከጀርባው ነጭ ገበር ቢደረግለት ዕድሜው ይረዝማል።

ስለ ማማድ ክፍል ለብቻው እንናገር። በአሽቀሎን ሳይረን ሲጮኽ ያለን ጊዜ 30 ሰኮንድ ነው። የማማዱ መስኮት የብረት መዝጊያ ላይ የሚጠላለፍ፣ ወለል ላይ የሚጎተት ረጅም መጋረጃ እዚያ ክፍል ውስጥ ቦታ የለውም። አጭር፣ ቀለበቱ ያለ ችግር የሚንሸራተት፣ በአንድ እጅ ተስቦ የሚከፈት ይሁን። ግድግዳውን ከመብሳት በፊት ደግሞ የፒኩድ ሃዖሬፍን መመሪያ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የማማድ ግድግዳ እንደ ሳሎን ግድግዳ የፈለጉትን የሚሰቅሉበት አይደለም።

ትራሱ ከመጋረጃው ይቀላል። 45 በ45 ለሆነ የሶፋ ትራስ ፊቱን 47 በ47 ቆርጦ፣ ጀርባውን 47 በ31 የሆኑ ሁለት ቁራጮች ማድረግ ነው። የሁለቱን ጀርባ አንድ አንድ ጠርዝ ሁለት ሁለት ሴንቲ ሜትር አጥፎ ዘምዝሞ፣ አንዱን በሌላው ላይ 11 ሴንቲ ሜትር ያህል አስደርቦ ከፊቱ ጋር ዙሪያውን መስፋት፣ ከዚያ መገልበጥ። ዚፕ አያስፈልገውም፣ ቁልፍም አያስፈልገውም። የአሮጌ ቀሚስ ወይም የነጠላ ጥለት ፊቱ ላይ ለማድረግ ከተፈለገ፣ የእጅ ፈትል ጨርቅ ልል ስለሆነ መጀመሪያ ጠንካራ ገበር ላይ መለጠፍና ዙሪያውን መርፌ መምታት ግድ ነው፤ አለበለዚያ ሰው በተቀመጠበት ቁጥር ይተረተራል። ወርቅማ ክር ያለው ጥለት የጋለ ካውያ አይወድም፤ በስስ ጨርቅ ሸፍኖ ከጀርባው መተኮስ ይሻላል።

ነርስ ሆነን ስለ ትራስ ዝም ማለት አንችልም። የሕፃን አልጋ ውስጥ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ትራስ አይገባም፣ የቱንም ያህል በፍቅር የተጠለፈ ይሁን። አያት ለልጅ ልጇ የሠራችውን ትራስ «አውጡት» ማለት ለእኛም ቀላል አይደለም፤ ግን እንላለን፣ ምክንያቱም ፊቱን የሸፈነበትን ነገር ሕፃኑ መግፋት አይችልምና። ወንበር ላይ አስቀምጡት፣ ልጁ ሲያድግ ይደርሰዋል። የትንንሽ ልጆች ትራስ ላይ ዶቃና ቁልፍ አይሰፋ፤ ተነቅሎ ይዋጣል። የመጋረጃ ገመድ ወደ ታች ተንጠልጥሎ አይቀመጥ፣ የልጅ አንገት ላይ ይጠመጠማል፤ ግድግዳ ላይ ልጅ በማይደርስበት መንጠቆ ይታሰር፣ ወይም ገመድ የሌለው ይደረግ።

አስም ያለበት ሰው ባለበት ቤት ትራሱ ውስጥ የሚራቡትን በዓይን የማይታዩ የአቧራ ተባዮች ማሰብ ያስፈልጋል። የባሕር ዳር እርጥበት ይወዳሉ፤ 60 ዲግሪ ሙቀት ያለው ውኃ ግን ይገድላቸዋል። ችግሩ የጥለት ሽፋን 60 ዲግሪ አይችልም። መፍትሔው ውስጡንና ሽፋኑን መለየት ነው፦ ውስጡ በ60 የሚታጠብ በሚሆን ጨርቅ ይሰፋ፣ ሽፋኑ በእጅ በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠብ። አሮጌ ልብስና የተበጣጠሰ ስፖንጅ ጠቅጥቆ መሙላት የሚታይ ቁጠባ ነው፤ ሻጋታ ሸትቶት ከሆነ ግን ቆሻሻ መጣያ ነው ቦታው።

ስኳር ያለባቸው እናቶች ሲጠልፉ ጣታቸው ላይ የሚጠለቅ ብረት ይጠቀሙ፤ ትንሽ የመርፌ ውግ ሲያመረቅዝ እናውቃለን። ዓይንም ከደከመ መነጽር እንጂ ክሩን ወደ አፍንጫ ማስጠጋት አይረዳም። በየግማሽ ሰዓቱ ተነስቶ ወገብን ማፍታታት፣ ቡናም ቢሆን ለማፍላት።

ወደ ገንዘቡ እንመለስ። እንበልና አንዲት እናት ለአንድ ትራስ ጨርቅና ገበር 25 ሸቅል፣ ውስጡን 20 ሸቅል፣ ክር 5 ሸቅል፣ በድምሩ 50 ሸቅል አወጣች። ለመስፋት 1 ሰዓት፣ ለመጥለፍ 6 ሰዓት ፈጀባት። ጎረቤት «በ80 ስጪኝ» ስትላት ደስ ብሏት ሰጠች። 30 ሸቅል አተረፍኩ ትላለች፤ ለ7 ሰዓት ሥራ 30 ሸቅል ማለት ግን በሰዓት 4 ሸቅል ከጥቂት አጉራ ነው። በአፕሪል 2025 የሰዓት ዝቅተኛ ደመወዝ ወደ 34.32 ሸቅል ከፍ ብሏል። በዚያ ልክ ቢሰላ የትራሱ ዋጋ 290 ሸቅል መሆን ነበረበት። በሌላ በኩል ጥልፉን ትታ ከተዘጋጀ ጥለት 20 ሸቅል የሚያወጣ ቁራጭ ፊቱ ላይ ብትሰፋ፣ ሥራው አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅ፣ 120 ሸቅል ገደማ ሸጣ ድካሟን ታገኛለች። ስለዚህ የኛ ሐሳብ እንዲህ ነው፦ የእጅ ጥልፉ ዋጋውን ለሚያውቅና አስቀድሞ ለሚያዝዝ ሰው ይሁን፤ ለዘወትር ሽያጭ በመኪና የሚሰፋው ባለ ጥለት ትራስ ይሻላል። ከሱቅ ትራስ ጋር በዋጋ መፎካከር አይቻልም፣ አይሞከርም። የስግድ በዓል ከ2008 ጀምሮ በሕግ የታወቀ የሀገር በዓል ሆኖ በየትምህርት ቤቱ ስለሚከበር፣ ከስግድ በፊት ያሉት ሳምንታት የማኅበረሰባችንን የእጅ ሥራ ለማሳየት ምቹ ናቸው።

መሸጥ ከተጀመረ ግን መመዝገብ ይከተላል። አነስተኛ ሻጭ «ኦሴቅ ፓቱር» ሆኖ በማዓም ቢሮ ይመዘገባል፤ የ2025 የዓመት ሽያጭ ጣሪያ 120,000 ሸቅል ነበር። ኦሴቅ ፓቱር ከደንበኛ ማዓም አይሰበስብም፣ በጨርቁ ላይ የከፈለውንም አያስመልስም። ማስ ሃክናሳና ቢቱዋህ ሌኡሚም መክፈት ያስፈልጋል። ብዙዎች የሚፈሩት ቢቱዋህ ሌኡሚን ነው፤ እኛ ግን ከሌላ በኩል እናየዋለን። በሥራ ላይ እጁ የተጎዳ ራሱን የቻለ ሠራተኛ የጉዳት ክፍያ ሊጠይቅ የሚችለው ከጉዳቱ በፊት ከተመዘገበ ነው። መርፌ ጣቷን አልፎ የወጋት፣ ሳምንታት ሥራ የፈታች፣ ግን ያልተመዘገበች ሴት ባዶ እጇን ትቀራለች።

የገቢ ማሟያ ወይም የአካል ጉዳት አበል የሚቀበሉ ወገኖች ከመጀመሪያው ሽያጭ በፊት ሄደው ይጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። አበል ሲቀበሉ ያልተነገረ ገቢ ኋላ እንደ ዕዳ ተቆጥሮ ይመጣል፤ የመጣበት ቤትም እናውቃለን፣ የደም ግፊቱን የለካነው እኛ ነን። ሥራውን በትክክል ለመጀመር የኢኮኖሚ ሚኒስቴር የሚያቋቁማቸው የማዖፍ ማዕከሎች ለአነስተኛ ነጋዴዎች ምክርና ኮርስ ይሰጣሉ። ቋንቋ የሚያስቸግረው ሰው ልጁን ወይም የሚያምነውን ሰው ይዞ ይሂድ፤ ያልገባውን ወረቀት ግን አይፈርም።

ገዢ ለሆነው ደግሞ፦ በልክ የታዘዘ መጋረጃ ከተቆረጠ በኋላ «ሐሳቤን ቀየርኩ» ብሎ መመለስ አይቻልም፤ የ1981ዱ የሸማቾች ጥበቃ ሕግ በስልክና በኢንተርኔት ለተገዛ ዕቃ የሚሰጠው የ14 ቀን የመሰረዝ መብት ለገዢው ተለይቶ የተሠራውን አይጨምርም። ዝግጁ ሆኖ በስልክ የተሸጠ ከሆነ ግን መብቱ አለ፤ የስረዛ ክፍያውም ከዋጋው 5 ከመቶ ወይም ከ100 ሸቅል፣ ከሁለቱ ካነሰው አይበልጥም። ከአምስት ዓመት ያልበለጠ አዲስ ዖሌ፣ ዕድሜው 65 የሞላው ወይም አካል ጉዳተኛ ከሻጩ ጋር በንግግር የተዋዋለ ከሆነ የመሰረዣ ጊዜው እስከ አራት ወር ይረዝማል። ስለዚህ መጋረጃ ስታዝዙ ልኩ፣ የጨርቁ ዓይነት፣ ጠቅላላ ዋጋውና የሚደርስበት ቀን በወረቀት ይጻፍ፣ ከጨርቁም ቁራጭ ናሙና ተቀብላችሁ ከደረሰኙ ጋር አያይዙት፤ ቀብድም ከዚያ በኋላ ይከፈላል።