በሐሰት ተወንጅሎ ከሥራ የተሰናበተ ምእመን

በደሴ ወይም በኮምቦልቻ በፋብሪካ የሚሠራ ምእመን «ሰርቀሃል» ተብሎ ሲባረር ከፍርድ ቤት አስቀድሞ የንስሓ አባቱን ደጅ ሊጠና ይችላል። ሽምግልናን አንነቅፍም፤ ነገር ግን ሽማግሌዎች «በዓሉ ይለፍ» ሲሉ የሕጉ ቀን አይቆምም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርበውን ክስ በ3 ወር፣ ከስንብት የሚመነጨውን የክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ይገድበዋል።

አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ሲያሰናብት ምክንያቱንና ቀኑን በጽሑፍ መግለጽ አለበት፤ ጥፋቱን ካወቀ 30 የሥራ ቀናት ካለፉም በዚያው ምክንያት ማሰናበት አይችልም። ስለዚህ ደብዳቤው በጥንቃቄ ይቀመጥ፤ የምስክሮች ስምም ይመዝገብ። ሰላም ይወርዳል በሚል ተስፋ ያላጠፋውን «አጥፍቻለሁ» ብሎ እንዲፈርም ማንም፣ እኛ ካህናትም ብንሆን፣ አንምከረው፤ ያ ፊርማ በችሎት ማስረጃ ሆኖ ይቀርብበታል።

ስንብቱ ሕገ ወጥ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ወደ ሥራ እንዲመለስ ወይም ካሣ እንዲከፈለው ይወስናል። ላልተወሰነ ጊዜ ለተቀጠረ ሠራተኛ ካሣው የአማካይ የቀን ደመወዙ 180 እጥፍ ነው። ሠራተኛው ለክሱ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። (የመንግሥት ሠራተኛ የሚዳኘው ግን በሌላ ሕግ ነው።) ክሱ ከተከፈተ በኋላም ሽምግልናው ጎን ለጎን ሊቀጥል ይችላል፤ እስከዚያው የሰበካ ጉባኤው ሰውየውን ከአገልግሎቱ አያግደው።