የሴኡሉን ወንዝ ስናደንቅ የምንዘለው ታሪክ

ስለ ወንዝ ዳርቻ ልማት በተወራ ቁጥር የደቡብ ኮሪያው ቾንግጌቾን ፎቶ ይለጠፋል። መሀል ከተማ የሚፈስ ጥርት ያለ ውኃ፣ ዳሩ ላይ እግራቸውን ነክረው የተቀመጡ ሰዎች። ሥራው በእርግጥም ትልቅ ነው። ግን ሁሌ ተዘልሎ የሚታለፍ ክፍል ስላለው እሱን ልጻፍ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከኮሪያ ጦርነት በኋላ ድሆች ወንዙ ዳር የሳንቃ ጎጆ ቀልሰው ይኖሩ ነበር፤ ወንዙም የፍሳሽ መውረጃ ሆነ። መንግሥት ከ1958 ጀምሮ በኮንክሪት ደፈነው፣ ኋላም ከበላዩ በምሰሶ የቆመ የመኪና መንገድ ሠራ። ግራና ቀኙ በሱቅና በጉልት ተሞላ፤ ያገለገለ ሰዓት፣ አሮጌ ካሜራ፣ የዘፈን ሸክላ ሳይቀር ይሸጥበት ነበር።

በ2002 ሊ ሚዩንግ ባክ መንገዱን አፍርሰው ወንዙን ሊከፍቱ ቃል ገብተው የሴኡል ከንቲባ ሆኑ። ትራፊኩ ይታነቃል ያሉ ነበሩ፤ የቅርስና የአካባቢ ተቆርቋሪዎችም ጥድፊያውን ተቃወሙ። ሰውየው ግን አልጠበቁም። በሐምሌ 2003 ማፍረሱ ተጀመረ፣ በጥቅምት 2005 5.8 ኪሎ ሜትሩ ተመረቀ። ያ ሁሉ ጥርት ያለ ውኃ ደግሞ በአብዛኛው ከሃን ወንዝ በፓምፕ የሚሳብ ነው፤ በቀን 120,000 ቶን ገደማ። ኤሌክትሪኩ ቢቋረጥ ወንዙ ይጎድላል ማለት ነው።

ጉልተኞቹስ? በ2003 መጨረሻ በኃይል ተነሡ። ብዙዎቹ ዶንግዴሙን ስታዲየም ውስጥ ቦታ ተሰጣቸው፤ ሜዳው ላይ ድንኳን ተክለው ከዜሮ ጀመሩ፣ ደንበኛም ለመዱ። ከዚያ ስታዲየሙ ራሱ ሊፈርስ ሆነና በ2008 ዳግመኛ ተነሡ። ለባለሱቆቹ ተብሎ ከከተማዋ ደቡብ ምሥራቅ የተሠራው ጋርደን ፋይቭ የተከፈተው በ2010 ነው፤ ዋጋው ከብዷቸው ያልገቡት ብዙ ናቸው።

ሊ በ2007 መጨረሻ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ ለዚያ ካበቋቸው ሥራዎች አንዱ ይኸው ወንዝ ነበር። እኔን የሚያንገበግበኝ የወንዙ መከፈት አይደለም፤ ፍሳሽ ተሸክሞ ከሚቀር ቢከፈት ይሻላል። ነጋዴው የሚሄድበት ቦታ ግን ቁፋሮው ሳይጀመር አልቆ መጠበቅ ነበረበት። ገንዘቡም መሬቱም የነበረው በከተማው አስተዳደር እጅ ነው፤ የጠፋው ለነጋዴዎቹ የሚሆን ጊዜ ነበር።