ብርድ የሚያፈነዳው አበባ፦ ኦስማንተስን በቤት ማሳደግ

በመስከረም አጋማሽ በቻይናዋ ሃንግዡ ከተማ ጎዳናዎች ለሚያልፍ ሰው ቀድሞ የሚደርሰው ሽታው ነው፤ ዛፉን የሚያገኘው ዞር ዞር ብሎ ከፈለገ በኋላ ነው። ሽታው የበሰለ ኮክና የአፕሪኮት ሲሆን፣ የማር ጣፋጭነትም አለበት። ባለቤቱ ኦስማንተስ ይባላል፤ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ የሚቆይ፣ ሲተዉት ደግሞ ከ3 እስከ 12 ሜትር የሚያድግ ቁጥቋጦ ነው።

ቀረብ ብሎ ላየው ግን ለዚህ ሁሉ መዓዛ የሚመጥን አበባ አይታየውም። ጠንካራና የሚያብረቀርቁ ቅጠሎች ጥንድ ጥንድ ሆነው በቅርንጫፉ ላይ ተሰልፈዋል። እያንዳንዱ ቅጠል ከቅርንጫፉ ጋር በሚገናኝበት ብብት ውስጥ፣ ቀጫጭን ዘንግ ያላቸው አበቦች ተጠጋግተው ይበቅላሉ። የአንዷ አበባ ስፋት ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ሰም የተቀቡ የሚመስሉ አራት ወፍራም መልካበባዎች አሏት። ቅጠሉን ገለጥ አድርጎ ያላየ ሰው ሳያያት ያልፋል።

ኦስማንተስ ከወይራ ቤተሰብ ነው። የወተት ዕቃ የምናጥንበት የሀበሻ ወይራም፣ በደጋ ጫካ ነጭ አበባው የሚያውደው ጠምበለልም ዘመዶቹ ናቸው። የወይራ ወገን መሆኑ በፍሬው ይታወቃል፤ አበባው ከረገፈ ከግማሽ ዓመት ገደማ በኋላ አንድ ጠንካራ ዘር የያዘ፣ ወደ ጥቁር የሚያደላ ወይን ጠጅ ፍሬ ይደርሳል።

አገሩ ከሂማላያ ተራሮች እስከ ደቡብ ቻይና፣ ታይዋንና ደቡብ ጃፓን ይዘረጋል። ቻይናውያን ጉዪኋ ይሉታል። የጉዪሊን ከተማ የተሰየመችው በዚሁ ዛፍ ነው፤ ሃንግዡና ሱዡም የከተማቸው አበባ አድርገውታል። በቻይና ንጉሠ ነገሥታት ዘመን የመንግሥት ሹመት የሚያስገኘው የየክፍለ ሀገሩ ፈተና የሚሰጠው በጨረቃ አቆጣጠር በስምንተኛው ወር፣ ልክ ኦስማንተስ ሲያብብ ስለነበር፣ ፈተናውን ላለፈ ሰው «ጉዪ ቀጠፈ» ይባልለት ነበር። በዚያው ወር በሚከበረው የሙሉ ጨረቃ በዓል ላይ የሚተረክ አፈ ታሪክም አለ፦ ው ጋንግ የተባለ ሰው በጥፋቱ ምክንያት ጨረቃ ላይ የበቀለውን ኦስማንተስ እንዲቆርጥ ተፈርዶበታል፤ በመጥረቢያ በመታው ቁጥር ግን ቁስሉ ወዲያው ይሽራል፤ ሥራውም አያልቅም።

ቻይናውያን አትክልተኞች ዝርያዎቹን በአራት ይከፍሏቸዋል። ጂን ጉዪ ወርቃማ ቢጫ፣ ዪን ጉዪ ነጣ ያለ፣ ዳን ጉዪ ደግሞ ብርቱካናማ አበባ ያወጣሉ፤ ሦስቱም ዋና አበባቸው በመስከረምና በጥቅምት ነው። አራተኛው ስጂ ጉዪ መዓዛው ለስለስ ይላል፤ ነገር ግን በዓመት ደጋግሞ ስለሚያብብና ቁመቱም አጭር ስለሆነ፣ በማሰሮ ተክሎ በረንዳ ላይ ለማሳደግ ከሁሉም እሱ ይመረጣል።

ችግኝ ሲገዙ ከምን እንደተራባ መጠየቅ ይገባል። ከዘር የበቀለ ኦስማንተስ እስኪያብብ አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ሊያስጠብቅ ይችላል፤ ሲያብብም እናቱን ላይመስል ይችላል። ሊገስትረም በሚባለው የአጥር ተክል ግንድ ላይ የተዳቀለው ቶሎ ያድጋል፤ ይሁንና የላይኛው ግንድ ከታችኛው እየወፈረ መጋጠሚያው ከዓመታት በኋላ ሊደክም ይችላል። አስተማማኙ ከቁራጭ የተራባው ነው። በጃፓን ኪንሞኩሴይ የሚባለው ብርቱካናማ ዝርያ ከዘር ሳይሆን በቁራጭ ሲራባ ኖሯል፤ እዚያ ያሉት ዛፎች ወንዴ ስለሆኑ ፍሬ አያፈሩም።

ቁራጭ የሚወሰደው በቻይናና በጃፓን በጋ፣ በሐምሌና በነሐሴ ነው። የዘንድሮው እድገት ከሥሩ መጠንከር ሲጀምር አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ተቆርጦ፣ ከላይ ሁለት ቅጠል ብቻ ቀርቶለት፣ አሸዋ በበዛበት እርጥብ አፈር ይተከልና በላስቲክ ይሸፈናል። ጥላ ሥር ሆኖ ሥር እስኪያወጣ ሁለት ሦስት ወር ይፈጃል።

ማሰሮው ከታች ቀዳዳ ሊኖረው ግድ ነው፤ ኦስማንተስ ሥሩ ውኃ ውስጥ ከሰነበተ ይበሰብሳል። ለም አፈር፣ ኮምፖስትና አሸዋ ተደባልቆ፣ ትንሽ ወደ አሲዳማነት ቢያደላ ይስማማዋል። ኖራ በበዛበት አፈር ውስጥ፣ ወይም ጠንካራ የቧንቧ ውኃ ብቻ እየጠጣ የሚያድግ ተክል የቅጠሉ ጅማት አረንጓዴ ሆኖ ገላው ቢጫ ይሆናል፤ የዝናብ ውኃ ማጠራቀም የሚችል ሰው ያንን ቢያጠጣው ይመረጣል። ውኃ የሚጨመረው የላይኛው አፈር በጣት ሲነካ ደረቅ ሲል ነው። ቢያንስ ለግማሽ ቀን ፀሐይ ያስፈልገዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን በሙቀት ነው። ባለቤቱ ተክሉ እንዳይበርደው ብሎ ሳሎን ያስገባዋል፤ ማሞቂያ ካለበት ክፍል ይከርማል፤ ቅጠሉ ያምራል፣ አበባ ግን የለም። የመጸው አበባ የሚሰጡት ዝርያዎች እንቡጣቸውን በበጋው ሙቀት ካዘጋጁ በኋላ፣ እንቡጡ እንዲፈነዳ የሚጠብቁት የሌሊቱን መቀዝቀዝ ነው፤ የሌሊቱ ሙቀት ከ20 ዲግሪ በታች ሲወርድ በጥቂት ቀናት ውስጥ መዓዛው ይመጣል። ስለዚህ ማሰሮው የመጀመሪያዎቹን ቀዝቃዛ ሌሊቶች ውጭ ማሳለፍ አለበት። ከዚያ በኋላም ክረምቱን ከ5 እስከ 10 ዲግሪ በሚሆን ብርሃን ያለው ክፍል፣ ለምሳሌ በመስታወት በተከለለ በረንዳ ቢከርም ይበቃዋል። ሞቃትና ደረቅ ክፍል ውስጥ ቅጠሉን ያረግፋል፣ ቀይ ሸረሪትም ይወረዋል።

መሬት ላይ ሥር የሰደደ ተክል ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ቢደርስበት ይቋቋማል። በአትላንታና በሂዩስተን የሚኖሩ ወገኖቻችን በየግቢው «ስዊት ኦሊቭ» ወይም «ቲ ኦሊቭ» የሚባል ቁጥቋጦ ካዩ ይኸው ኦስማንተስ ነው፤ እዚያ ያለ ማሰሮ በአጥር ጥግ ይተከላል።

አበባ የሚወጣው በአዲሱ እድገት ላይ ስለሆነ መገረዝ ያለበት ክረምቱ ሲያልቅ፣ አዲስ ቀንበጥ ከመውጣቱ በፊት ነው። በበጋ መጨረሻ መቀስ ያነሳ ሰው የመስከረሙን እንቡጥ አብሮ ይቆርጣል። አላብብ ባለ ተክል ላይ ማዳበሪያ መጨመርም አይረዳም፤ በተለይ ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ ቅጠልን እንጂ አበባን አያመጣም።

ሲያብብ ግን ከማሽተት ያለፈ ጥቅም አለው። በቻይና ጤዛው ሲደርቅ ከዛፉ ሥር አንሶላ ተዘርግቶ ቅርንጫፉ ቀስ ተብሎ ይነቀነቃል፤ የረገፈው አበባ ዘንጉና ቅጠሉ ተለቅሞ ይወጣለታል። በትንሽ ጨው ታሽቶ ምሬቱ ከወጣ በኋላ በማር ወይም በስኳር ይደረደራል፤ የደረቀው ደግሞ ከሻይ ቅጠል ጋር ይቀላቀላል። የበረንዳ ተክል የሚሰጠው ከአንድ ትንሽ ብልቃጥ አይበልጥም፤ መዓዛው ኃይለኛ ስለሆነ ግን ለአንድ ስኒ ሻይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል ይበቃል። ለዚህ የሚለቀመው ፀረ ተባይ ካልተረጨበት ተክል ብቻ ነው፤ ከችግኝ ጣቢያ የተገዛ ተክል የመጀመሪያ ዓመት አበባው ለማሽተት ብቻ ቢተው ይሻላል።