ከማፍያው በፊት እሳቱን እንይ



ቡና ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከመጠጥነቱ በላይ የመገናኛ ምክንያት መሆኑ የታወቀ ነው። ሳምንቱን ሙሉ በሥራ የደከመች እኅት በዕረፍት ቀኗ ከጓደኞቿ ጋር አቦል ስትጠጣ ልቧ ያርፋል። ነገር ግን በሰው አገር፣ በአሠሪ ቤት ወይም በጋራ በተከራዩት ጠባብ ክፍል ውስጥ ቡና ማፍላት እንደ አገር ቤት ቀላል አይደለም። ብዙ ሰው የማፍያውን መልክ ወይም ዋጋ ብቻ አይቶ ይገዛል፤ ቤት ሲደርስ ግን ወይ ይሰነጠቃል፣ ወይ ምድጃው ላይ አይሠራም፣ ወይ ቡናው አተላ ብቻ ይሆናል። በዚህም የተለፋበት ገንዘብ በከንቱ ይቀራል።

ስለዚህ ማፍያ ከመግዛታችን በፊት ሦስት ነገሮችን እንጠይቅ። አንደኛ፣ ያለን እሳት ምን ዓይነት ነው? ሁለተኛ፣ ቡናውን የሚጠጣው ስንት ሰው ነው? ሦስተኛ፣ የምናገኘው ቡና አፈጫጩ እንዴት ነው? ከሦስቱም የእሳቱ ጥያቄ ይቀድማል።

ጀበና

የሸክላ ጀበና ለብዙ ሰው የሚበቃ፣ ቶናና በረካ የሚደገምበት፣ አተላውም በሆዱ ውስጥ ስለሚረጋ ጠራ ያለ ቡና የሚቀዳበት ዕቃ ነው። ሸክላ ግን ድንገተኛ ሙቀት አይችልም። በጋዝ ላይ ስንጥደው በዝቅተኛ እሳት ጀምረን ቀስ በቀስ እንጨምር፤ ለቶናው የሚጨመረውም ውኃ ሞቅ ያለ ይሁን። የጋለ ጀበና ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ከጨመርንበት ይሰነጠቃል። ሥሩ ክብ ከሆነ ደግሞ ጠፍጣፋ በሆነ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ደኅና አይቀመጥም። ኢንዳክሽን በሚባለው ምድጃ ላይማ ሸክላ ጨርሶ አይሞቅም፤ ይህ ምድጃ የሚያሞቀው ማግኔት የሚስበውን ብረት ብቻ ነው። ብረት ማፍያም ስንገዛ ማግኔት ይዘን ሥሩ ላይ እንሞክረው። ካልያዘ ለኢንዳክሽን አይሆንም።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለ። ለጀበናው ብለን ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አናንድድ። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛም ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ያመጣል፤ የተኛ ሰው ሳይነቃበት ሊሞት ይችላል። «ጭሱ አልቋል፣ ፍም ብቻ ነው» ማለት አያድንም፤ ጭስ የሌለው ፍምም ጋዙን ያወጣልና። ከሰል የሚነደው በተከፈተ በረንዳ ወይም በደጅ ነው። ለዕጣን የገባች ጥቂት ፍም ብትሆንም መስኮት ይከፈትላት፤ ከመተኛታችንም በፊት ትውጣ። በክፍሉ ያሉት ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው ወዲያውኑ ወደ ውጭ ወጥተው አምቡላንስ ይጥሩ፤ ቁጥሩ በሊባኖስ 140፣ በሳዑዲ ዓረቢያ 997፣ በኤምሬትስ 998 ነው።

ራክዌ

በሊባኖስ ራክዌ የሚባለው ባለ ረጅም እጀታ ማፍያ በአብዛኛው ቤት አይታጣም። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ወድቆም አይሰበርም። ቡናው እንደ ዱቄት የላመ መሆን አለበት። ከውኃው ጋር በዝቅተኛ እሳት ይጣዳል፤ አረፋው ወደ አፉ ሲነሣ ይወርዳል። ማጥለያ ስለሌለው ከመቅዳታችን በፊት አንድ ሁለት ደቂቃ እናስቀምጠው፤ የመጨረሻውንም ጉንጭ በስኒው ውስጥ እንተወው። ለሁለትና ለሦስት ሰው ከዚህ የቀለለ ዕቃ የለም።

ሞካ

ይህ ማፍያ እ.ኤ.አ. በ1933 በጣልያናዊው አልፎንሶ ቢያሌቲ ስም የወጣ ሲሆን መጠሪያው ቡና ይላክበት ከነበረው ከየመኑ ሞካ ወደብ የመጣ ነው። ከታች ውኃ፣ መካከል ላይ ቡና ይደረግበታል። ውኃው ሲሞቅ በእንፋሎት ግፊት በቡናው ውስጥ አልፎ ወደ ላይኛው ክፍል ይወጣል። ቡናው ወፈር ያለ ስለሚሆን ወተት ለምትጨምር እኅት ይስማማታል።

ውኃው በጎኑ ካለችው ትንሽ የእንፋሎት መውጫ በታች ይሁን፤ እርሷ ከተደፈነች አደጋ ያመጣል። ቡናውን ጠቅጥቀን አንሙላው። በደንብ እንግጠመው፤ እሳት ላይ ሳለም አንክፈተው። «ባለ 3» የሚባለው በጣልያን ትንሽ ስኒ ተለክቶ ነው፤ አንዱ ስኒ 50 ሚሊ ሊትር ገደማ ስለሆነ የሚወጣው በሙሉ ከአንድ የሻይ ብርጭቆ ብዙም አይበልጥም። ትልቁን ገዝተን በግማሽ ብናፈላበት ደግሞ ቡናው ጥሩ አይወጣም። ስለዚህ በጠጪው ቁጥር ልክ እንግዛ። ብዙው ሞካ ከአሉሚንየም የተሠራ በመሆኑ በኢንዳክሽን ላይ አይሠራም።

ፍሬንች ፕሬስ

ይህ ወንፊት ያለው መጫኛ የተገጠመለት ብርጭቆ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ምድጃ አለመፈለጉ ነው፤ የፈላ ውኃ ካለ ይበቃዋል። በአሠሪዋ ቤት የምታድርና ማታ ምድጃ መለኮስ የማይፈቀድላት እኅት በኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ውኃ አፍልታ ልትጠጣበት ትችላለች። ለግማሽ ሊትር ውኃ 30 ግራም ያህል፣ ማለትም አምስት ወይም ስድስት የሾርባ ማንኪያ ቡና ይደረግና 4 ደቂቃ ይቆያል። ከዚያ መጫኛው በዝግታ ይወርዳል። ከጠነከረ ኃይል አንጨምርበት፤ ብርጭቆው ተሰብሮ ሊያቃጥለን ይችላል። የሚስማማው በሻካራው የተፈጨ ቡና ነው።

የወረቀት ማጥለያ

ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1908 ያወጣችው ሜሊታ ቤንትስ የተባለች ጀርመናዊት የቤት እመቤት ናት። ማስቀመጫው ርካሽ ቢሆንም ወረቀቱ በየጊዜው ይገዛል። ነገር ግን ሐኪም ኮሌስትሮልሽ ከፍ ብሏል ላላት እኅት ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው፤ ሳይጠለል በሚጠጣ ቡና ውስጥ ያለውን ኮሌስትሮል የሚጨምር ቅባት ወረቀቱ ያስቀረዋል።

ቡናውን ስናስፈጭ

በዓረብ አገር ሱቅ ተፈጭቶ የሚሸጠው ቡና ብዙውን ጊዜ ለራክዌ የላመ ነው፤ ሄልም ሊኖርበት ይችላል። ይህን በሞካ ብናደርገው ይደፍነዋል፤ በፍሬንች ፕሬስም አተላው በወንፊቱ ያልፋል። ቡና ቆልተው በሚፈጩ ሱቆች ግን እንደምንፈልገው ያደርጉልናል። ሻካራ ስንፈልግ «ኸሽን»፣ የላመ ስንፈልግ «ናዕም»፣ ያለ ሄል ስንፈልግ «ቢዱን ሄል» ማለት ነው። ለሞካ ከሁለቱ መካከለኛው ይሁን። በሙቀጫ የምንወቅጠው ቡና ለጀበና ይሆናል፤ ረገብ አድርገን ከወቀጥነው ለፍሬንች ፕሬስም ያገለግላል።

ባጭሩ፣ ጋዝና ሰፊ ጊዜ ላላቸው፣ በዕረፍት ቀን ተሰብስበው ለሚጠጡ እኅቶች ጀበና ነው። ለሁለትና ለሦስት ሰው ራክዌ ይበቃል። ወፍራም ቡና ለምትወድ ሞካ፣ ምድጃ ለሌላት ፍሬንች ፕሬስ ይሻላታል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ጀበና ከአገር ቤት ለምታስመጣ ደግሞ ሶኬቱን አስቀድማ ትመልከት፤ የአገራችን መሰኪያ ባለ ሁለት ክብ ጥርስ ሲሆን በዱባይና በኳታር የሚሠራው ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ነው።

የተመረጠው ማፍያ የትኛውም ቢሆን ቡናው ቡና ነው። ቡናውን የተጠራሩት ሁሉ በጤና ገብተው በጤና ከወጡ፣ ያ ከረከቦቱ ማማር ይበልጣል። መልካም የቡና ጊዜ ይሁንላችሁ።