የሴፍቲኔት ድጋፍ፦ የስም ዝርዝሩ፣ ክፍያውና የቅሬታ አቀራረቡ

የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥር የሰደደ የምግብ እጥረት ባለባቸው የገጠር ወረዳዎች ለሚሊዮኖች ድጋፍ ሲሰጥ የቆየ፣ መንግሥትና የልማት አጋሮች በጋራ ወጪውን የሚሸፍኑት መርሐ ግብር ነው። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት በአዲስ አበባና በሌሎች 10 ከተሞች ተጀምሮ ቆይቶ ወደ ተጨማሪ ከተሞች ተስፋፍቷል።

ከፕሮግራሙ በፊት በርካታ ወረዳዎች በየዓመቱ የአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ ይጠብቁ ነበር። እርዳታው መቼና ምን ያህል እንደሚመጣ አስቀድሞ ስለማይታወቅ፣ እህሉ ሲደርስ ቤተሰቡ በሬውንና ላሙን ሸጦ የጨረሰበት ጊዜ ብዙ ነበር። ሴፍቲኔት የተቀረጸው ድጋፉ በታወቀ ጊዜና በታወቀ መጠን እንዲደርስ፣ በዚህም ቤተሰቡ ጥሪቱን ከመሸጥ እንዲድን ነው። በመሆኑም ክፍያ በዘገየ ወይም በተቀነሰ ቁጥር ፕሮግራሙ የተቋቋመበት ዓላማ ይስታል። ስህተቱን ቀድሞ የሚያየው ደግሞ ድጋፉን የሚጠብቀው ሰው ራሱ ስለሆነ፣ ምን መመርመርና ወዴት ማመልከት እንዳለበት ማወቁ ለሥራው ቅልጥፍና ትልቅ ድርሻ አለው።

የስም ዝርዝሩ እንዴት ይወጣል?

በገጠር ተጠቃሚዎችን የመለየት ሥራ የሚከናወነው የቀበሌው የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል ከማኅበረሰቡ ከተመረጡ ሰዎች ጋር በመሆን ነው። የሚታየው ቤተሰቡ በዓመት ውስጥ ለስንት ወር የምግብ ክፍተት እንደሚገጥመው፣ ያለው መሬትና የቤት እንስሳ፣ ከእርሻ ውጪ የሚያገኘው ገቢ፣ ከዘመድ የሚደርሰው እገዛ እንዲሁም ድንገተኛ ጉዳት የደረሰበት መሆን አለመሆኑ ነው። በከተማ ከማኅበረሰቡ ልየታ በተጨማሪ የቤተሰቡን የኑሮ ሁኔታ በመጠይቅ የመመዘን አሠራር አለ።

እዚህ ላይ ግልጽ ሊሆን የሚገባው ነገር አለ። ለእያንዳንዱ ወረዳና ቀበሌ የሚደርሰው የተጠቃሚ ቁጥር የተወሰነ ነው፤ በተለምዶ ኮታ የሚባለው ይህ ነው። በመሆኑም ችግረኛ ሆኖ መገኘት ብቻውን በዝርዝሩ ለመካተት ዋስትና አይሆንም። ከዚሁ የተነሣ አንድ የማይገባው ሰው በዝርዝሩ ሲገባ አንድ የሚገባው ቤተሰብ በቀጥታ ይወጣል። ዝርዝሩ በሕዝብ ስብሰባ እንዲቀርብና በይፋ እንዲለጠፍ የተደነገገውም ለዚህ ነው። ማን በሬ እንዳለው፣ የማን ቤት እንደባሰበት ከጎረቤት የተሻለ የሚያውቅ ቢሮ የለም። ይሁንና በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ማንበብ ለማይችል ሰው እንዳልተለጠፈ ይቆጠራል። በመሆኑም ማንኛውም ነዋሪ ዝርዝሩ በስብሰባ ላይ ጮክ ተብሎ እንዲነበብ መጠየቅ ይችላል።

የአባወራው ወይም የእማወራዋ ስም በዝርዝሩ መኖሩን አይቶ መመለስ በቂ አይደለም። ስንት የቤተሰብ አባል እንደተመዘገበም ሊታይ ይገባል። በገጠሩ ፕሮግራም አሠራር ድጋፉ በቤተሰብ አባላት ቁጥር ይሰላል፤ በማኅበረሰብ ሥራ ለሚሳተፍ ቤተሰብ በአንድ አባል የወር 5 የሥራ ቀን የሚያዝ ሲሆን፣ ክፍያው በእህል ሲሆን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ግራም ነው። እንግዲህ 5 አባላት ያሉት ቤተሰብ በወር 75 ኪሎ ግራም ሊደርሰው ሲገባ 3 አባላት ብቻ ቢመዘገቡለት የሚያገኘው 45 ኪሎ ግራም ይሆናል። በ6 ወር የክፍያ ጊዜ 180 ኪሎ ግራም እህል ይጎድልበታል ማለት ነው። ይህ ዓይነቱ ጉድለት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በክፋት አይደለም፤ ኮታውን ለብዙ ቤተሰብ ለማዳረስ ሲባል የአባላት ቁጥር የሚቀነስበት ልማድ አለ። ሐሳቡ የመተዛዘን ቢመስልም ውጤቱ ማንንም ከረኀብ የማያወጣ ድጋፍ ነው፤ ከአሠራሩም ውጪ ነው።

ከሥራ እስከ ክፍያ

መሥራት የሚችሉ ተጠቃሚዎች በተፋሰስ ልማት፣ በመንገድ፣ በውኃና በመሰል የአካባቢ ሥራዎች ይሳተፋሉ። አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና የረጅም ጊዜ ሕመም ያለባቸው ደግሞ ሳይሠሩ ቀጥተኛ ድጋፍ ያገኛሉ። ነፍሰ ጡርና አራስ እናቶችም ከጉልበት ሥራ ነጻ ሆነው ለጊዜው ወደ ቀጥተኛ ድጋፍ ይዛወራሉ። ነፍሰ ጡር እናት ይህን ለማስፈጸም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ማነጋገር ይኖርባታል።

የሠራተኛው ክፍያ የሚነሣው በሥራ ቦታ ከሚያዘው የመገኘት መቆጣጠሪያ ነው። መቆጣጠሪያው ወደ ወረዳ ተልኮ የክፍያ ሰነድ ይዘጋጅበታል። በሥራ ቦታው ያልተመዘገበ ቀን በክፍያ ዕለት ሊገኝ ስለማይችል፣ ተጠቃሚው የሠራበት ቀን መመዝገቡን በዚያው ዕለት ማረጋገጡ ኋላ ከመከራከር ያድነዋል።

የተጠቃሚነት ካርድ በነጻ ይሰጣል። በክፍያ ሰልፍ ላይ ለመዋጮ፣ ለማዳበሪያ ዕዳ ወይም ለግብር ተብሎ ከድጋፉ ላይ ሊቀነስ አይገባም። ዕዳም ሆነ ግብር የራሱ የአከፋፈል ሥርዓት አለው። በከተማው ፕሮግራም ከክፍያው 20 በመቶ መቆጠቡ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ ገንዘቡ በተጠቃሚው የባንክ ሒሳብ የሚቀመጥ የራሱ ሀብት ነው።

በባንክና በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚፈጸም ክፍያ ገንዘብ በሰው እጅ የሚያልፍባቸውን ደረጃዎች ስለሚቀንስ፣ መቼ እንደተላከና ለማን እንደደረሰ ለማጣራት ያመቻል። ሆኖም የተሳሳተ ዝርዝርን አያርምም፤ የተሳሳተውን ስም በፍጥነት ይከፍላል እንጂ። ተጠቃሚው የምሥጢር ቁጥሩን ለወኪልም ሆነ ለቀበሌ ሠራተኛ አሳልፎ መስጠት የለበትም።

ቅሬታ ያለበት ሰው ምን ያድርግ?

ከዝርዝሩ የወጣ፣ የቤተሰብ አባል የተቀነሰበት ወይም ክፍያ የጎደለበት ሰው የሚያመለክተው ለቀበሌው የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ነው። ተጠቃሚዎችን የለየው ግብረ ኃይል አባላት በዚህ ኮሚቴ ውስጥ እንዳይገቡ የተደረገው ማንም የራሱን ውሳኔ ራሱ እንዳይመረምር ነው። አመልካቹ ለግብረ ኃይሉ ሰብሳቢ በቃል ነግሮ መመለሱ እንደ ቅሬታ ላይያዝ ስለሚችል፣ ጉዳዩ በኮሚቴው መዝገብ መስፈሩን ማረጋገጥና ዕለቱን መያዝ ይኖርበታል። በቀበሌ ያልተፈታ ጉዳይ ወደ ወረዳ ይቀጥላል።

«በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚለው አባባል በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙዎችን ጎድቷል። የኮሚቴው አባል ጎረቤት ወይም ዘመድ በመሆኑ፣ ወይም «ከናካቴው እሰረዛለሁ» በሚል ስጋት ዝም የሚሉ ጥቂት አይደሉም። ቅሬታ በማቅረቡ ምክንያት ማንም ከድጋፉ ሊሰረዝ አይችልም፤ ይህ ከተፈጸመ ድርጊቱ ራሱ ሌላ ቅሬታ ይሆናል። በዝርዝር ለመካተት ወይም ካርድ ለማግኘት ገንዘብ የተጠየቀ ሰው ግን ጉዳዩ ከቅሬታ አልፎ ወንጀል ስለሆነ፣ ለፖሊስ ወይም ለሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና አካል ሊያሳውቅ ይገባል።

በአስተዳደር እርከኖቹ መፍትሔ ያላገኘ አመልካች በአዋጅ ቁጥር 211/1992 ወደተቋቋመው የኢትዮጵያ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም መሄድ ይችላል። ተቋሙ አቤቱታን በጽሑፍም ሆነ በቃል ያለ ክፍያ ይቀበላል፤ አመልካቹ በሕመም ወይም በርቀት ምክንያት መቅረብ ካልቻለም የትዳር ጓደኛው፣ የቤተሰቡ አባል ወይም ወኪሉ ሊያቀርብለት ይችላል። ሲኬድ የተጠቃሚነት ካርዱ፣ ካርድ ከሌለም የቀበሌ መታወቂያ፣ እንዲሁም በቀበሌና በወረዳ የተሰጠ ምላሽ ካለ ቅጂው አብሮ ቢያዝ ጉዳዩን ለማጣራት የሚወስደውን ጊዜ ያሳጥራል።