የደጋው አደይና የጠረፉ መስከረም

በጅቡቲ ከተማ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ የዘመን መለወጫን በዓል እንደ አባቶቹ ሥርዓት ሲያከብር፣ ዶሮው ተሠርቶ፣ ቡናው ተፈልቶ፣ ዘመድ ከዘመድ ተጠያይቆ ምንም የቀረ ነገር ባይመስልም፣ አደይ አበባ ግን ይጎድለዋል፤ እኛ በዚህ ጠረፍ የምናውቀው በወረቀት የተሣለውን እንጂ በመስክ የቆመውን አይደለምና።

አደይ ማንም ሳይዘራው በደጋና በወይና ደጋ የሚበቅል፣ ዕድሜውም ከአንድ ክረምት እስከ በጋ መግቢያ የሆነ ተክል ሲሆን፣ የዕፅዋት ሊቃውንት ቢዴንስ ማክሮፕቴራ ብለው ሰይመውታል። ወገኑ ከሱፍ፣ ከኑግ፣ ከግራዋና ከአሪቲ ነው፤ የቅርብ ዘመዱም በመንገደኛ ልብስ ላይ እየተጣበቀ የሚያስቸግረው ጨጎጎት ነው።

አበባውን ቀጥፎ አቅርቦ ለተመለከተው እጅግ የሚያስደንቅ ሥርዓት ይገለጥለታል፤ አንድ አበባ የሚመስለው የብዙ ደቃቅ አበቦች ጉባኤ ነውና። በዙሪያው የተዘረጉት ቢጫ ቅጠሎች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ሲሆኑ፣ ፍሬ አያፈሩም፤ ተግባራቸው ንብን ከሩቅ መጥራት ነው። ፍሬ የሚሰጡት ከመካከል ተጠጋግተው የቆሙት ጥቃቅኖቹ ናቸው፤ እነርሱም ከዳር ጀምረው ተራ በተራ ወደ ውስጥ ይፈካሉ እንጂ ባንድ ጊዜ አይከፈቱም፤ ስለዚህ ንቢቱ ወደዚያው ራስ ደጋግማ ብትመላለስ የምትቀስመው አታጣም። በጥቅምትና በኅዳር በደጋው የሚቆረጠው ቢጫ ማር ከአደይና ከኑግ የተገኘ ነው።

በጅቡቲ የማይበቅልበትን ምክንያት ብዙዎች ለሙቀቱ ብቻ ይሰጡታል፤ እኔ ግን የዝናቡ ወቅት የበለጠ ይመስለኛል። አደይ በሰኔ ዝናብ በቅሎ፣ ሐምሌንና ነሐሴን በጉም ውስጥ አድጎ፣ ደመናው ሲገፈፍ ያብባል፤ በዚህ ጠረፍ ግን እነዚያ ወራት ካምሲን የተባለው ደረቅ ነፋስ የሚነግሥባቸው ናቸው፤ በዓመት በአማካይ 200 ሚሊ ሜትር የማይሞላው ዝናብም በአብዛኛው የሚወርደው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ነው። በመስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ከ2,000 ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወርድ ተሳፋሪ፣ ወደ ቆላው በቀረበ ቁጥር ቢጫው መስክ እየሳሳ ሄዶ ሲጠፋ ያያል። ሆኖም ቤተ ክርስቲያን ከመስከረም 26 ጀምራ 40 ቀን የምታከብረው ዘመነ ጽጌ በደጋው ክረምት የተቆጠረ ነውና፣ በጠረፍ ያለው ምእመንም ያላየውን መስክ እያሰበ ማኅሌቱን ይቆማል።

በአገር ቤት ያላችሁ ዘመዶቻችን፣ ለደመራ አደይ ስትለቅሙ ከነሥሩ አትንቀሉት፤ ከእርሻው ዳርም ዘሩ እስኪረግፍ ድረስ ጥቂቱን ተዉት፤ ለከርሞ የሚበቅለው ከዚያው ከረገፈው ዘር ብቻ ነውና።